ምዕራፍ ስድስት፦ የረሱትን መልሶ መሥራት

መተማ ዮሐንስንና ጋላባትን የሚለያቸው አንድ አጭር ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ሰሊጥ በኩንታል ይመዘናል፤ ከድልድዩ ወዲያ በቅንጣር። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ የሱዳኑ ቅንጣር 45 ኪሎ ገደማ። ወዲህ መሬት በሄክታር ይለካል፤ ወዲያ በፈዳን። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ፈዳኑ 4,200። ወዲህ ሒሳቡ በብር፣ ወዲያ በሱዳን ፓውንድ ይሠራል። ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ፣ ከጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ገዳሪፍ የሚገባው ነጋዴ፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው እናት፣ ሁሉም ሲያባዙ ይውላሉ። ስምንት ቅንጣር ስንት ኪሎ ነው? የአሥራ ሁለት ቀን ምንዳ ስንት ይሆናል? ስድስት ብርጭቆ ሻይ ስንት ያወጣል?

ስለዚህ የዚህ አካባቢ ልጅ ማባዛትን የሚማረው ለፈተና ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ የሚኖርበት ሒሳብ ነው። ችግሩ ይህን ሒሳብ በእርጋታ ተቀምጦ የሚማርበት ጊዜ አለማግኘቱ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ከክፍል የሚቀር ልጅ አለ፤ ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀናት ከዘገየ ራሱ እየፈነዳ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና ቤተሰብ ያለውን እጅ ሁሉ ይፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጦርነት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሰፈሩበት የገዳሪፉ ኡም ራኩባ መጠለያ ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ ከጦርነት ሸሽተው ተከዜን የተሻገሩ የትግራይ ልጆች በዚያ ተጠለሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። የሱዳን ቤተሰቦች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ በሚባሉት መጠለያዎችም ሰፈሩ። ጦርነቱ በተጀመረ በስድስት ወሩ ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን በሱዳን 19 ሚሊዮን ሕፃናት ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን አስታወቁ።

ትምህርቱ እንዲህ የሚቆራረጥበት ልጅ የተማረውን ይረሳል። መርሳቱ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ስድስት ወር ወይም ሁለት ዓመት ክፍል ያልገባ ማንኛውም ሰው ይረሳል። እዚህ ላይ ነው ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው። የማባዛት ሰንጠረዥን በዜማ ብቻ የተቀበለ ልጅ፣ ዜማው ሲጠፋበት ባዶ እጁን ይቀራል። ማባዛት ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ግን ስድስት ጊዜ ሰባትን ቢረሳ በግማሽ ደቂቃ መልሶ ይሠራዋል። ለድንበር ልጅ ልንሰጠው ከምንችለው የሒሳብ ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መልሶ የመሥራት ችሎታ ነው። የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል።

ከቆርኪ እስከ ሰንጠረዥ

ማባዛት የሚጀምረው እኩል የሆኑ ቡድኖችን በማየት ነው። የመጀመሪያ ክፍል ልጆች ለመቁጠሪያ የሚያመጡት የለስላሳ ቆርኪ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። መምህሯ አራት አራት ቆርኪ በሦስት ቦታ ታስቀምጣለች። ልጆቹ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ አሥራ ሁለት። ቀጥሎ በአራት በአራት ይቆጥራሉ፦ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው «ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት» የሚለው አነጋገር መምጣት ያለበት። ቃሉ ልጁ ዓይኑ እያየ እጁ ለነካው ነገር ስም ይሆንለታል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ቃሉ ቀድሞ ነገሩ ሳይከተል ሲቀር፣ ልጁ «ሦስት ጊዜ አራት»ን ልክ እንደማያውቀው ቋንቋ መዝሙር ይሸመድደዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ቡድኖቹን በረድፍ መደርደር ነው። ሦስቱን ክምር አራት አራት ቆርኪ ያለባቸው ሦስት ረድፎች አድርጎ መሬት ላይ ማስተካከል። አሁን ልጁን ከጎን በኩል ዞሮ እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከፊት ሲያይ ሦስት ረድፍ አራት አራት የነበረው፣ ከጎን ሲያይ አራት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆኗል። ቆርኪ አልተጨመረም፤ አልተቀነሰም። ሦስት ጊዜ አራትና አራት ጊዜ ሦስት አንድ መሆናቸውን መምህሯ ሳትነግረው በገዛ እግሩ ተራምዶ አገኘው። ይህ ግኝት፣ ቀጥለን እንደምናየው፣ የሰንጠረዡን ሸክም በግማሽ ያህል ያቀልለታል።

ረድፍ ለማየት ከትምህርት ቤት መውጣትም አያስፈልግም፤ ከወጡም በየቦታው አለ። የለስላሳ ሳጥን አራት በስድስት ተከፍሎ 24 ጠርሙስ ይይዛል። የእንቁላል ትሪ አምስት በስድስት ሆኖ 30 ይይዛል። ሦስት ሦስት ተማሪ የተቀመጠባቸው ስምንት ዴስኮች 24 ልጆች ናቸው፤ ስድሳ ልጅ በሚታጨቅበት የፈረቃ ክፍል ውስጥ ራሱ ክፍሉ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው ማለት ነው። የሰሊጥ ማሳ ላይ ደግሞ ታጭዶ የታሰረው ነዶ እንዲደርቅ በአንድ ላይ ይቆማል፤ ቆላው ይህን የቆመ ነዶ ሂላ ይለዋል። በአንድ ሂላ 30 ነዶ ቢቆም አራት ሂላ ስንት ነዶ ነው? ይህን ጥያቄ የቆላ ልጅ ሥዕል ሳይሣልለት ያየዋል።

ሰንጠረዡ ከሚመስለው ያነሰ ነው

በደብተር ጀርባ ታትሞ የሚመጣውን የማባዛት ሰንጠረዥ ያየ ልጅ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ከአንድ እስከ አሥር ብቻ ብንወስድ እንኳ መቶ መልሶች አሉት። መቶውን አንድ በአንድ ለመሸምደድ የተነሳ ልጅ ስድስት ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ሰባትና ስምንት ላይ ይጠፋል። አሁን መቶውን አብረን እንቀንስ።

ሦስት ጊዜ አራት ከአራት ጊዜ ሦስት ጋር አንድ መሆኑን ልጁ በቆርኪው አይቷል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥንድ አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር በቂ ነው፤ መቶው 55 ይሆናል። አንድ ያለባቸው አሥር ናቸው፤ አንድ ጊዜ ስምንት ስምንት መሆኑን ማጥናት አያስፈልግም። 45 ቀሩ። አሥር ያለባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ በመጨረሻ ዜሮ መጨመር ብቻ ነው። 36 ቀሩ። ሁለት ያለባቸው ስምንት ናቸው፤ እጥፍ ማድረግ ማለት ነው፣ ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት እንደሚባለው። 28 ቀሩ። አምስት ያለባቸው ሰባት ናቸው፤ አምስት አምስት እያሉ መቁጠር ልጆች በጣቶቻቸው ቀድመው የሚለምዱት ነው። 21 ቀሩ።

ዘጠኝ ያለባቸው ስድስት ናቸው። ዘጠኝ ከአሥር አንድ ያንሳል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ለማግኘት ከአሥር ጊዜ ሰባት አንድ ሰባት መቀነስ ነው፤ ከ70 ላይ 7 ሲነሳ 63። ጣትም ይህንኑ ያሳያል። አሥሩን ጣት ዘርግቶ ለዘጠኝ ጊዜ አራት ከግራ አራተኛውን ጣት ማጠፍ፤ ከታጠፈው በስተግራ ሦስት፣ በስተቀኝ ስድስት ጣት ይቀራል፤ 36። 15 ቀሩ። ከነዚህ አምስቱ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኙ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ አራት ጊዜ አራት፣ ስድስት ጊዜ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ሰባት፣ ስምንት ጊዜ ስምንት። እነዚህ በቆርኪ ሲደረደሩ አራቱም ጎናቸው እኩል ስለሚሆን ልጆች ይወዷቸዋል፤ ቶሎም ይይዟቸዋል። 10 ቀሩ።

ከአሥሩ አራቱ አራት ያለባቸው ናቸው። አራት ጊዜ ማለት የእጥፍ እጥፍ ማለት ነው፤ አራት ጊዜ ሰባት ከፈለግህ ሰባትን አጥፈህ 14፣ እሱን አጥፈህ 28። የቀሩት ስድስት ናቸው፦ ሦስት ጊዜ ስድስት፣ ሦስት ጊዜ ሰባት፣ ሦስት ጊዜ ስምንት፣ ስድስት ጊዜ ሰባት፣ ስድስት ጊዜ ስምንት፣ ሰባት ጊዜ ስምንት። እነዚህም ቢሆኑ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሰባት 21 ከሆነ ስድስት ጊዜ ሰባት እጥፉ፣ 42 ነው። ሦስት ጊዜ ስምንት 24 ከሆነ ስድስት ጊዜ ስምንት 48 ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት የአራት ጊዜ ሰባት እጥፍ ነው፤ 28ና 28፣ 56።

መቶ የነበረው ስድስት ሆነ። ይህን ቅነሳ ሰሌዳ ላይ ልጆቹ ራሳቸው እየሰረዙ እንዲያዩት ማድረግ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚገባው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ መምህሩና ተማሪዋ የሚነጋገሩት ነገር ይለወጣል፦

«ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?»

«ቲቸር፣ ረሳሁት።»

«ግድ የለም የኔ ልጅ። ስድስት ጊዜ አምስትን ታውቂያለሽ?»

«ሠላሳ።»

«ስንት ስድስት ጎደለን?»

«ሁለት። አሥራ ሁለት... አርባ ሁለት ነው!»

ልጅቷ ረሳሁ ስትል አልተሸማቀቀችም፤ የምትጀምርበት ቦታ እንዳላት አውቃለችና። በርጩማ ላይ ቆሞ ሰንጠረዥ ሲጠየቅ የሚንቀጠቀጥ፣ ስቶ የሚመታ ልጅ የሚማረው ሌላ ነገር ነው፤ መርሳቱን መደበቅ፣ ከጓደኛው መቅዳት፣ ሲቆይም ሒሳብን መጥላት ይማራል። ዱላና ፌዝ ከማባዛት ክፍል መውጣት አለባቸው። ይህን የምለው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃት የያዘው አእምሮ 30 ላይ 12 ለመጨመር ጊዜ አያገኝም።

በቃል ማጥናት ቦታው የት ነው?

ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ወላጆች «ታዲያ ልጆቻችን ሰንጠረዥ በቃላቸው አይያዙ ነው የምትሉን?» ይላሉ። ይያዙ እንጂ። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም በቃል መያዝ የተከበረ ጥበብ ነው። ወዲህ የቆሎ ተማሪው ከየኔታ ፊት ዳዊት ይደግማል፤ ወዲያ በኸልዋው (በቁርኣን ትምህርት ቤቱ) ልጁ የእንጨት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ቁርኣን ደጋግሞ ይቀራል። ይህን የመሰለ የማስታወስ ባህል ያለው ሕዝብ ማስታወስን መናቅ የለበትም።

ግን የሊቃውንቱን አሠራር ቀረብ ብሎ ላየው፣ በቃል መያዝና መልሶ መሥራት አብረው የሚሄዱ ናቸው። ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ። ሊቁ የየዓመቱን የፋሲካ ቀን ዝርዝር አይሸመድድም፤ መሥሪያውን ይይዝና በየዓመቱ ያወጣዋል፤ ከመሥሪያውም እምብርት ላይ ማባዛት አለ። 2017 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው። ይህ በ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሳለት ወንበሩ 11 ይሆናል። አበቅቴውን ለማግኘት 11 በ11 ይባዛል፤ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል። መጥቅዑን ለማግኘት 11 በ19 ይባዛል፤ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለባቸው፤ ሥራው ትክክል መሆኑ በዚህ ይታወቃል። አንዲት ገጽ ቢጠፋ፣ አንድ መጽሐፍ ቢቃጠል ባሕረ ሐሳብ አይጠፋም፤ መሥሪያው በሊቁ ጭንቅላት ውስጥ አለና።

ለሦስተኛ ክፍል ልጅም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። መጀመሪያ ይሥራ፤ ደጋግሞ የሠራው በራሱ ጊዜ በቃሉ ይገባል። በቃል መግባቱም ትልቅ ጥቅም አለው። 47ን በ36 የሚያባዛ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ስድስት ጊዜ ሰባት ላይ ቆሞ ካሰበ፣ የያዘው አራት አሥር የት እንደሚጨመር ይረሳል። መልሱ ወዲያው ከመጣለት ግን ሐሳቡ ለከባዱ ሥራ ነፃ ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ በዜማም ቢሆን፣ ልምምድ ይደረግ። የሁለትን ሰንጠረዥ ጨርሶ ወደ ሦስት ከመሄድ ይልቅ ጥያቄዎቹን ማደባለቅ፣ ትናንት የተሠራውን ዛሬ፣ ከዚያም በሳምንቱ መልሶ መጠየቅ የተሻለ ይይዛል። በቅደም ተከተል ብቻ የዘመረ ልጅ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ከሰባት ጊዜ አንድ ጀምሮ ለመዘመር ይገደዳል።

ገበያ ላይ የሚያውቀው፣ ክፍል ውስጥ የሚጠፋው

በመተማም ሆነ በገዳሪፍ ገበያ ውኃ፣ ቆሎ ወይም ማስቲካ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። ከእነርሱ የገዛ ሰው መልስ ሲሰጡ እንደማይሳሳቱ ያውቃል። እነዚሁ ልጆች ክፍል ገብተው በወረቀት ሲፈተኑ ግን ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ። ይህ የእኛ አካባቢ ብቻ ችግር አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ቴሬዚንያ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ስለሚነግዱ አምስት ልጆች ያሳተሙት ጥናት በመላው ዓለም ታዋቂ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ እንደ ገዢ ሆነው ልጆቹን በገበያ ጠየቋቸው፤ ከመልሶቹ 98 በመቶው ትክክል ነበር። ቆየት ብለው ያንኑ ስሌት ያለ ገበያው፣ ቁጥሩን ብቻ ሲሰጧቸው ትክክለኛው መልስ ወደ 37 በመቶ ወረደ።

ከነዚህ አንዱ የ12 ዓመት ኮኮናት ሻጭ ነበር። የአንዱ ዋጋ 35 ነው፤ አሥር ስንት እንደሚሆን ተጠየቀ። አሥር ጊዜ ሲሆን ዜሮ ይጨመራል የሚለውን የትምህርት ቤት ሕግ አልተጠቀመም። የሦስቱን 105 ያውቀዋል፤ ሦስት ጨምሮ 210፣ ሦስት ጨምሮ 315፣ አንድ ጨምሮ 350 አለ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን የራሱ ነው፤ ትክክልም ነው። በቡድን እየቆጠረ፣ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው እየተራመደ ነው። ቀደም ሲል ያየናት ልጅ ከስድስት ጊዜ አምስት ወደ ስድስት ጊዜ ሰባት የሄደችበት መንገድ ይኸው ነው።

ስለዚህ ገበያ የሚውል ልጅ ክፍል ሲገባ ምንም እንደማያውቅ መቆጠር የለበትም። መምህሩ «አራት ማስቲካ በሰባት ሰባት ብር ስንት ታስከፍላለህ?» ብሎ ይጀምር፤ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ልጁ የነገረውን መንገድ ሰሌዳ ላይ በቁጥር ይጻፍለት። ልጁ የገዛ ሐሳቡን ሰሌዳ ላይ ሲያየው፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ነገር ሁሉ የሰው ሐሳብ መሆኑን ይረዳል። ዜሮ የመጨመሩን አጭር መንገድ ከዚያ በኋላ ቢያሳየው ደስ ብሎት ይቀበለዋል።

እጥፍና ግማሽ

ማጠፍ ከቻልክ ማባዛት ትችላለህ። ይህ አባባል ለትናንሽ ቁጥሮች ብቻ የሚሠራ አይደለም። ስምንት ቅንጣር ሰሊጥ ስንት ኪሎ እንደሆነ ለማወቅ 45ን ሦስት ጊዜ ማጠፍ ይበቃል፦ 90፣ 180፣ 360። በእኛ ኩንታል ሦስት ኩንታል ከስድሳ ኪሎ ማለት ነው።

ቁጥሩ ስምንት ባይሆንስ? 13 ቅንጣር ቢሆን? በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚል ስም የተሰጠው ዘዴ ለዚህ ይጠቅማል። በግራ በኩል 13 ጻፍና እየገመስህ ውረድ፤ የሚተርፈውን ግማሽ ተወው፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ በኩል 45 ጻፍና እያጠፍህ ውረድ፦ 45፣ 90፣ 180፣ 360። አሁን በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዝ፤ 6 ተጋማሽ ስለሆነ አጠገቡ ያለው 90 ይሰረዛል። በቀኝ የቀሩትን ደምር፦ 45፣ 180፣ 360፤ ድምሩ 585። 13 ጊዜ 45 በትክክል 585 ነው። ሚስጥሩ 13 ማለት 8፣ 4 እና 1 ተደምረው መሆናቸው ነው፤ ዘዴው የ45ን አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜና ስምንት ጊዜ ለይቶ ይሰበስባል፣ ሁለት ጊዜውን ይተዋል።

እጥፍን መሠረት ያደረገ ማባዛት በዓባይ ሸለቆ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ የግብፅ ጸሐፊ የገለበጠውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ፓፒረስ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ስሌቶች አሉበት። በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው የጓንግ ውኃ ወደዚያው ዓባይ ይፈስሳል። ይህን ለልጆች መንገር ጊዜ ማባከን አይደለም። ሒሳብ ከሩቅ አገር በመጽሐፍ ተጭኖ የመጣ ብቻ ሳይሆን እነርሱ በሚኖሩበት ወንዝ ዳርቻ የተሠራም መሆኑን ያወቀ ልጅ፣ ቁጥር ላይ ያለው ድፍረት ይጨምራል።

ሁለት ዓይነት አኃዝ፣ ሁለት አቅጣጫ

ድንበር የተሻገረ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር ስለ ማባዛት አይደለም፤ ስለ ጽሕፈት ነው። በሱዳን ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ አምስትን የምትጽፍበት ምልክት ለመተማው መምህር ዜሮ ይመስላል። ዜሮዋ ነጥብ ናት። ስድስቷ የእኛን 7 ይመስላል። ሰባቷ ወደ ላይ የተከፈተ ባላ ነው፤ ስምንቷ ያው ባላ ተገልብጦ። ስሌቱንም ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች። እንግዲህ ልጅቷ አምስት ጊዜ ስድስት ሠላሳ መሆኑን ያለ አንዳች ስሕተት ስትጽፍ፣ ከግራ የሚያነበው መምህር የሚያየው ሰባት ጊዜ ዜሮ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ካነሳ፣ የማባዛት ችሎታዋን ሳይሆን የጽሕፈት ልማዷን ቀጣ ማለት ነው። ከመተማ ወደ ገዳሪፍ የሄደው የኢትዮጵያ ልጅም ተቃራኒውን ያገኛል፤ አምስት የጻፈ መስሎት የጻፈው ምልክት ለሱዳኑ መምህር ምንም አይነግረውም፤ ዜሮውን ግን አምስት ብሎ ያነብበዋል።

መልካሙ ነገር፣ ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ አንድ መሆኑ ነው። በሁለቱም አጻጻፍ የአንድ ቤት በቀኝ፣ የአሥር ቤት ከእሱ በስተግራ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ቁጥር ከቁጥር በታች ተጽፎ ወደ ታች የሚሠራው ማባዛት ሁለቱም ጋ ያው ነው። አቅጣጫ መገልበጡም ማባዛትን አይጎዳም፤ አምስት ጊዜ ስድስትም ሆነ ስድስት ጊዜ አምስት ሠላሳ ነው። መቀነስና ማካፈል ላይ ግን ከየት እንደሚነበብ ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ገቢ ልጅ ከማባዛት መጀመር ከሌላው ሁሉ ይቀላል። ግድግዳ ላይ ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ጽፎ መስቀል፣ የግዕዙንም ፩፣ ፪፣ ፫ ከእነርሱ ጋር መጨመር ለነባሮቹም ትምህርት ነው። የግዕዝ አኃዝ ራሱ ማባዛትን በውስጡ ይዟል፤ ፪፻ ሁለት ጊዜ መቶ፣ ፳፻ ሃያ ጊዜ መቶ ተብሎ ይነበባልና።

ቋንቋውም ሊታሰብበት ይገባል። ኤልዛቤት ስፔልኪና ሳና ፂቭኪን በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሩሲያኛና እንግሊዝኛ የሚችሉ ተማሪዎችን አዳዲስ ስሌቶች በአንዱ ቋንቋ አስተማሯቸው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚጠይቁ ስሌቶችን ተማሪዎቹ በተማሩበት ቋንቋ ሲጠየቁ ይፈጥናሉ፤ በሌላው ቋንቋ ሲጠየቁ ይዘገያሉ። በግምት የሚሠሩት ላይ ግን ቋንቋው ለውጥ አላመጣም። በዐረብኛ ሰንጠረዥ የያዘች ልጅ በአማርኛ ስትጠየቅ ዝም ብትል ስለማታውቅ አይደለም፤ በቃል የገባው ነገር የገባበትን ቋንቋ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው። በዐረብኛ ለራሷ እንድትለውና መልሱን በአማርኛ እንድትናገር ጊዜ ይሰጣት። ወደ ገዳሪፍ ለሄደው ልጅም እንዲሁ።

አዲስ ልጅ ክፍል ሲገባ

በዓመቱ መሐል ከየትም ለመጣ ልጅ ፈተና ከመስጠት ይልቅ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ብዙ ይናገራል። ለሁሉም የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ቆርኪ ወይም ጠጠር ነው፤ ቋንቋ ካልተግባባም በእጅ ማሳየት ይቻላል።

መጀመሪያ፣ ሦስት ጊዜ አራትን በቆርኪ እንዲያሳይ ይጠየቅ። ሦስት እኩል ቡድን ከሠራ ማባዛት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሦስት ቆርኪና አራት ቆርኪ ለየብቻ ካስቀመጠ ከመደመር ጋር ተደባልቆበታል፤ ሰንጠረዡን በዜማ ቢወጣው እንኳ ከቡድኖቹ መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ በረድፍ የተደረደረውን ከጎን ሲያየው ስንት እንደሚሆን ይጠየቅ። እንደገና አንድ በአንድ ከቆጠረ፣ መቀያየሩ ገና አልገባውም፤ ሳይቆጥር ከመለሰ የሰንጠረዡ ግማሽ በእጁ ነው። ሦስተኛ፣ አምስት ጊዜ ስድስት 30 መሆኑ ተነግሮት ስድስት ጊዜ ስድስትን እንዲፈልግ ይጠየቅ። 30 ላይ ስድስት የሚጨምር ልጅ፣ ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ቢረሳ እንኳ፣ በጥቂት ሳምንት ከክፍሉ ጋር ይደርሳል። ከአንድ ጀምሮ የሚቆጥር ልጅ የሚያስፈልገው ይህን ድልድይ የሚያሳየው ሰው ነው፤ ሰንጠረዡን መቶ ጊዜ እንዲገለብጥ ማዘዝ አይረዳውም።

በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የምንመዝነው ልጁ ምን ያህል እንደሚያስታውስ ሳይሆን በሚያስታውሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። የአጨዳው ሥራ፣ ስደቱ፣ የትምህርት ቤቱ መዘጋት ከልጁ ላይ ብዙ መልሶችን ሊወስዱ ይችላሉ። መልስ የሚሠራበትን መንገድ ግን በእጁ ነክቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በራሱ አንደበት አስረድቶ ከተማረው በቀላሉ አይወስዱበትም። መምህር፣ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድምና እህት ሆነን ከአንድ ልጅ ጋር ማባዛት ለመሥራት ስንቀመጥ፣ «ስንት ነው?» ብለን መልሱን ባገኘን ቁጥር «እንዴት አገኘኸው?» ብለን እንጨምር። ልጁ ማባዛትን መማር አለመማሩን የሚነግረን ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።